ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያለው ሰርቨር፦ በሁለተኛው አድራሻ የሚመጣ ጥያቄ መልስ አያገኝም

የመጋዘን ሰርቨር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

የምጠይቀው በአንድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሁለት የኢንተርኔት መስመሮችን አብሮ ስለማሠራት ነው። አዲስ አበባ ባለ አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ክፍሉ ስል ግን እኔው ብቻ ነኝ። የመጋዘንና የሽያጭ ሥርዓታችን የሚሠራው ቢሮው ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ የአዳማና የሐዋሳ ቅርንጫፎቻችን በኢንተርኔት እየገቡ ይጠቀሙበታል። እስካለፈው ወር ድረስ የነበረን አንድ የፋይበር መስመር ነበር። በሰፈራችን የመንገድ ቁፋሮ ስላለ ፋይበሩ ደጋግሞ ተቆረጠብን፤ በተቆረጠ ቁጥርም ቅርንጫፎቹ ደረሰኝ መስጠት እያቃታቸው ደንበኛ ሲመልሱ ስለዋሉ፣ ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ አቅራቢ በሬዲዮ የሚመጣ ሁለተኛ መስመር አስገቡልን።

ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት ሲሆን ሦስት የኔትወርክ ካርዶች አሉት። አንደኛው የቢሮው የውስጥ ካርድ ነው፤ አድራሻው 10.20.0.1፣ የውስጥ ኔትወርኩም 10.20.0.0/24 ነው። ሁለተኛው ከፋይበሩ ጋር የተያያዘ ሲሆን 203.0.113.10/29 የሚል ቋሚ አድራሻ አለው፤ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያሳልፈው የአቅራቢው መሣሪያ) 203.0.113.9 ነው። ሦስተኛው ጣሪያው ላይ ከተተከለው ሬዲዮ የሚወርደው ኬብል የተሰካበት ሲሆን አድራሻው 198.51.100.22/30፣ ጌትዌዩ 198.51.100.21 ነው። እዚህ የጻፍኋቸው የውጭ አድራሻዎች እውነተኞቹ አይደሉም፤ ለሰነድ ምሳሌነት ከተለዩት ክልሎች የወሰድኋቸው ናቸው።

ኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ላይ ለሁለቱም መስመሮች ዲፎልት ጌትዌይ (የተለየ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚያገለግል መውጫ) ሰጥቼ የፋይበሩን ሜትሪክ (የቅድሚያ ቁጥር) 100፣ የሬዲዮውን 200 አደረግሁ። ከሰርቨሩ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፤ በፋይበሩ አድራሻ ከውጭ መግባትም እንደ ድሮው ነው። በሬዲዮው አድራሻ ግን ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ከስልኬ ፒንግ (የመድረስ ሙከራ) ሳደርግ መልስ አላገኝም፤ ከሩቅ ሆኜ ሰርቨሩን የማዝዝበት ኤስኤስኤችም ብዙ ጠብቆ ይቋረጣል። የገረመኝ ነገር፣ የፋይበሩን ገመድ ከሰርቨሩ ስነቅለው ሁለተኛው አድራሻ ወዲያው መሥራት ይጀምራል፤ መልሼ ስሰካው ደግሞ ያቆማል።

ሬዲዮውን ላስገባልን አቅራቢ ስደውል «መስመሩ በእኛ በኩል ደህና ነው» አሉኝ፤ እኔም ሁለት ቀን ተከራከርኋቸው። በኋላ የሬዲዮውን ካርድ በቲሲፒደምፕ (በካርዱ የሚያልፈውን የመረጃ ጥቅል፣ ማለትም ፓኬት፣ በሚያሳየው ፕሮግራም) ሳዳምጥ ከስልኬ የሚላከው ፒንግ በየሰከንዱ ሲደርስ አየሁ፤ መልሱ ግን በዚያ ካርድ ላይ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ አቅራቢዎቹ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሰርቨሩ ለምን አይመልስም? ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼም ለውጥ የለም።

የምፈልገው በሁለቱም አድራሻዎች በአንድ ጊዜ ከውጭ መግባት እንዲቻል፣ ከተቻለም አንዱ መስመር ሲጠፋ የቢሮው ሠራተኞች ኢንተርኔት ሰው ሳይነካው በሌላው እንዲቀጥል ነው።

ባለ አንቴናው

ሰላም ወንድሜ። እኔም ጋ ተመሳሳይ ችግር ነበር። በአንድ ዲፎልት ራውት ሥር ሁለቱን ጌትዌዮች በእኩል ክብደት ቢያስገቧቸው ሰርቨሩ ሁለቱንም መስመሮች መጠቀም ይጀምራል፤ እኔ ጋ ቢያንስ ፒንጉ በዚህ ተስተካክሏል። አርፒ ፊልተር የሚባለውን የገቢ ፓኬት መነሻ ፍተሻም 0 ያድርጉት። ሲጨርሱ «አይፒ ራውት ፍላሽ ካሽ» ብለው ካሹን (የተጠራቀመውን የመንገድ ትውስታ) ማጽዳትዎን እንዳይረሱ።

የሌሊት ተረኛ

ጠያቂያችን፣ ሊደርሱበት የቀረዎት አንድ እርምጃ ነበር። ቲሲፒደምፑን አሁን በፋይበሩ ካርድ ላይ ይክፈቱና የስልክዎን አድራሻ ይፈልጉበት። መነሻው 198.51.100.22 የሆነ የፒንግ መልስ በፋይበሩ በኩል ሲወጣ ያያሉ። ሰርቨሩ እየመለሰ ነው፤ የሚመልሰው ግን በማይመለከተው መስመር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሊኑክስ አንድን ፓኬት በየትኛው ካርድ እንደሚልክ ሲወስን፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር፣ የሚያየው የፓኬቱን መድረሻ ብቻ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ያለ ተራ አስከባሪ «ወዴት ነህ?» ይላል እንጂ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም፤ መገናኛ ያለውን ሁሉ ተራው በደረሰው መኪና ያስገባል። የእርስዎም ሰርቨር የስልክዎን አድራሻ ሲያይ በሰንጠረዡ ላይ የተለየ መንገድ ስለማያገኝለት ወደ ዲፎልት ይሄዳል፤ ከሁለቱ ዲፎልቶች ደግሞ ሜትሪኩ አነስተኛ የሆነውን፣ ማለትም ፋይበሩን ይመርጣል። ጥያቄው በሬዲዮው በኩል መድረሱ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። የፋይበሩ አቅራቢ ደግሞ ከእርሱ የአድራሻ ክልል ያልሆነ መነሻ የያዘ ፓኬት ከደንበኛው ሲመጣበት ይጥለዋል። ይህን በማድረጉ ሊወቀስ አይገባም፤ ሰዎች የሐሰት መነሻ አድራሻ እየጻፉ ጥቃት እንዳይፈጽሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የወጣው አርኤፍሲ 2827 የተባለ የኢንተርኔት መመሪያ ሰነድ አቅራቢዎች ሁሉ እንዲህ እንዲያደርጉ ይመክራል። የፋይበሩን ገመድ ሲነቅሉት ችግሩ የጠፋውም ስለዚሁ ነው፤ የቀረው ዲፎልት የሬዲዮው ብቻ ስለሆነ መልሱ ሳይወድ በትክክለኛው በር ይወጣል።

ከላይ በቅን ልቦና የተሰጠውን የእኩል ክብደት ምክር ግን እንዳይከተሉት እለምናለሁ። ከ4.4 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ወዲህ ሊኑክስ በሁለት ጌትዌዮች መካከል የሚያከፋፍለው የመነሻንና የመድረሻን አድራሻ ቀላቅሎ በሚያወጣው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ደንበኛ ሁልጊዜ በትክክለኛው በር መልስ ሲያገኝ፣ ሌላው ደንበኛ ሁልጊዜ ሳያገኝ ይቀራል። አዳማ ይሠራል፣ ሐዋሳ አይሠራም፤ በማግሥቱ የሐዋሳው ራውተር አዲስ አድራሻ ሲያገኝ ነገሩ ይገለበጣል። ለማግኘት ከዚህ የሚከብድ ብልሽት አላውቅም። የካሹም ነገር የድሮ መመሪያ ትዝታ ነው፤ የአይፒቪ4 ራውቲንግ ካሽ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 3.6 ከርነል ላይ ስለተወገደ ትእዛዙ ምንም የሚያጸዳው ነገር የለም።

መፍትሔው ሰርቨሩ መነሻውንም እንዲያይ ማድረግ ነው። ይህ ችሎታ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው 2.2 ከርነል ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። «አይፒ ሩል ሾው» ብለው ቢያዩ ሦስት ደንቦች ያገኛሉ፦ 0 ሎካል የሚባለውን ሰንጠረዥ፣ 32766 ሜይን የሚባለውን፣ 32767 ዲፎልት የሚባለውን ያመለክታል። ከርነሉ ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ እየወረደ ያነባቸዋል፤ መንገድ ያገኘበት ላይ ይቆማል። እስካሁን የጻፉት ሁሉ ያለው ሜይን ውስጥ ነው። እኛ የምናደርገው ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ሰንጠረዥ ከፍተን፣ ከሜይን በፊት የሚነበቡ ደንቦች መጨመር ነው። (ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፤ እርስዎ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይተይቧቸዋል።)

«አይፒ ራውት አድ ዲፎልት ቪያ 203.0.113.9 ቴብል 101»
«አይፒ ራውት አድ ዲፎልት ቪያ 198.51.100.21 ቴብል 102»
«አይፒ ሩል አድ ፍሮም 203.0.113.10 ቴብል 101 ፕራዮሪቲ 101»
«አይፒ ሩል አድ ፍሮም 198.51.100.22 ቴብል 102 ፕራዮሪቲ 102»

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መነሻው የፋይበሩ አድራሻ የሆነ ሁሉ በፋይበሩ፣ መነሻው የሬዲዮው አድራሻ የሆነ ሁሉ በሬዲዮው ይወጣል። ከእነዚህ በፊት ግን አንድ ሌላ ደንብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

«አይፒ ሩል አድ ቱ 10.20.0.0/24 ቴብል ሜይን ፕራዮሪቲ 90»

ይህ ባይኖር ምን እንደሚሆን ያስቡት። ቢሮው ውስጥ ያለች የሂሳብ ሠራተኛ፣ አድራሻዋ 10.20.0.50 ነው እንበል፣ ሥርዓቱን በውጭ አድራሻው በ203.0.113.10 ትከፍታለች። የሰርቨሩ መልስ መነሻው 203.0.113.10 ስለሆነ ደንብ 101 ይይዘዋል፤ ሰንጠረዥ 101 ውስጥ ያለው ዲፎልት ብቻ ስለሆነም ለእርሷ የታሰበው መልስ በፋይበሩ በኩል ከቢሮው ይወጣል። እርሷ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ገጹ አይከፈትላትም። እኔ ይህን የተማርሁት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስዊች ስቀያይር ከዋልሁ በኋላ ነው።

ለመፈተሽ ቲሲፒደምፕም አያስፈልግም። «አይፒ ራውት ጌት 8.8.8.8 ፍሮም 198.51.100.22» ብለው ከርነሉን በቀጥታ ይጠይቁት። አሁን የፋይበሩን ካርድ ይነግርዎታል፤ ደንቦቹን ከጨመሩ በኋላ የሬዲዮውን ካርድና «ቴብል 102» የሚለውን ያሳይዎታል።

በትእዛዝ የጨመሩት ሁሉ ሰርቨሩ ሲነሳ ስለሚጠፋ መጨረሻ ላይ ወደ ኔትፕላን ፋይል ያስገቡት። በእያንዳንዱ ካርድ ሥር «ራውትስ» በሚለው ክፍል ተጨማሪውን ዲፎልት ከሰንጠረዥ ቁጥሩ ጋር፣ «ራውቲንግ ፖሊሲ» በሚለው ክፍል ደግሞ ደንቡን ይጽፋሉ። ሜይንን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ 254 ብለው ይጥሩት። የነበሩትን ባለ 100 እና ባለ 200 ሜትሪክ ዲፎልቶች አያጥፏቸው፤ ሰርቨሩ ራሱ አዲስ ግንኙነት ሲጀምርና የቢሮው ሠራተኞች ወደ ውጭ ሲወጡ የሚያገለግሉት እነርሱ ናቸው።

አርፒ ፊልተርን በተመለከተ፣ 0 ከማድረግ 2 ማድረጉ ይሻላል። 1 ሲሆን ከርነሉ «ለዚህ ላኪ መልስ ብሰጥ በዚሁ ካርድ እወጣለሁን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ፓኬቱን ሲገባ ይጥለዋል። 2 ሲሆን በየትኛውም ካርድ መንገድ እስካለው ድረስ ያሳልፈዋል። ለአንድ ካርድ የሚሠራው ዋጋ ደግሞ «ኦል» በሚለው ሥር ካለውና በካርዱ ሥር ካለው የሚበልጠው ነው፤ ስለዚህ «ኦል» 1 ሆኖ ሳለ በካርዱ ሥር 0 መጻፍ ምንም አይለውጥም።

ለሌላ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው መስመር የሰጣችሁ አድራሻ ከ100.64.0.0/10 ክልል ከሆነ፣ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ሰብስቧል ማለት ነውና፣ ከላይ ያለው ሁሉ በትክክል ቢጻፍም ከውጭ በዚያ መስመር መግባት አይቻልም። መጀመሪያ ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ይገባል።

የመጋዘን ሰርቨር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በፋይበሩ ካርድ ላይ ሳዳምጥ መልሱን አገኘሁት፤ ለስንት ቀን ስፈልገው የነበረው ፓኬት እዚያ በየሰከንዱ እየወጣ ነበር። የሬዲዮውን አቅራቢ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ደንቦቹን ከጨመርሁ በኋላ በ198.51.100.22 ፒንግም ኤስኤስኤችም ከውጭ ይሠራሉ። የቀረኝ ዋናው ነገር ሆነ፤ የሽያጭ ሥርዓቱ ድረ ገጽ በፋይበሩ አድራሻ ሲከፈት በሬዲዮው አድራሻ ግን አይከፈትም። ያው አንድ ሰርቨር፣ ያው አንድ አድራሻ ሆኖ፣ ኤስኤስኤች ሲገባ የ443 ፖርት (የድረ ገጹ በር) ግን አይገባም። በሬዲዮው ካርድ ላይ ጥያቄው ሲደርስ ይታየኛል፤ መልሱ እንደገና በፋይበሩ ካርድ ይወጣል፤ መነሻውም በግልጽ 198.51.100.22 ይላል። «አይፒ ራውት ጌት» ብዬ ስጠይቀው ግን ይህ መነሻ ያለው ፓኬት በሬዲዮው እንደሚወጣ ይነግረኛል። አንዱ እየዋሸኝ ነው። አርፒ ፊልተሩ 2 ነው። ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ፣ ሥርዓቱ በዶከር ኮንቴይነር (በሰርቨሩ ውስጥ የራሱ የውስጥ አድራሻ ባለው የተለየ ክፍል) ውስጥ ነው የሚሠራው።

ኮንቴይነር ጫኚ

ማንም አልዋሸዎትም፤ ቁልፉ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ላይ ነው።

ኤስኤስኤች በሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ስለሚሠራ መልሱ ገና ሲወለድ መነሻው 198.51.100.22 ነው፤ ስለዚህ ደንብ 102 ያገኘዋል። ወደ ኮንቴይነር የሚሄደው ጥያቄ ግን ሌላ መንገድ አለው። ገና ሲገባ ፋየርዎሉ መድረሻውን ከ198.51.100.22 ወደ ኮንቴይነሩ የውስጥ አድራሻ ይለውጠዋል፤ 172.18.0.5 ነው እንበል። ኮንቴይነሩ ሲመልስ መነሻው 172.18.0.5 ነው። ከርነሉ «በየት ልላከው?» ብሎ ደንቦቹን የሚያነበው በዚህ ጊዜ ነው፤ 101ም 102ም ስለማይመለከቱት ወደ ሜይን ይወርድና ፋይበሩን ይመርጣል። መነሻው ተመልሶ 198.51.100.22 የሚሆነው መንገዱ ከተመረጠ በኋላ፣ ፓኬቱ ከካርዱ ሊወጣ ሲል ነው። ቲሲፒደምፕ በፋይበሩ ካርድ ላይ የሚያሳይዎት ይህን የመጨረሻውን መልክ ነው። የዶከሩን ብሪጅ (ኮንቴይነሮቹ ከሰርቨሩ ጋር የሚያያዙበትን ምናባዊ ካርድ) ቢያዳምጡት ግን መነሻው 172.18.0.5 እንደነበረ ያያሉ። «አይፒ ራውት ጌት»ም ለጠየቁት ነገር በትክክል ነው የመለሰው፤ የጠየቁት ግን የመጨረሻውን መልክ ነው።

ስለዚህ እዚህ መነሻ አድራሻ አይረዳንም፤ ግንኙነቱ በየት በኩል እንደገባ ማስታወስ አለብን። ከርነሉ እያንዳንዱን ግንኙነት የሚመዘግብበት ኮንትራክ የሚባል መዝገብ ስላለ፣ በዚያ ላይ ምልክት እናደርጋለን። በኤንኤፍቴብልስ (በሊኑክስ ፋየርዎል)፣ መንገድ ከመመረጡ በፊት በሚነበበው በፕሪራውቲንግ ሰንሰለት፣ በማንግል ደረጃ፣ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው በሬዲዮው ካርድ አዲስ ግንኙነት ሲገባ የግንኙነቱን ምልክት 2 እንዲያደርግ ያዝዛል። ሁለተኛው ከዶከሩ ብሪጅ የሚመጣ ፓኬት ሲያገኝ በግንኙነቱ ላይ የተጻፈውን ምልክት ወደ ፓኬቱ እንዲገለብጥ ያዝዛል። ከዚያ የራውቲንግ ደንብ ይጨመራል፦

«አይፒ ሩል አድ ኤፍደብሊውማርክ 2 ቴብል 102 ፕራዮሪቲ 100»

ሁለተኛውን መስመር ሲጽፉ ለብሪጁ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙዎች «ለሁሉም ፓኬት ምልክቱን መልስ» ብለው ይጽፉታል፤ በዚህ ጊዜ ከውጭ የሚገባው ፓኬትም ምልክት 2 ይይዛል፤ ወደ ኮንቴይነሩ መሄድ ሲገባው ሰንጠረዥ 102 ውስጥ ያለው ዲፎልት ብቻ ስለሆነ በመጣበት ሬዲዮ መልሶ ይወረወራል። ለጥንቃቄ ያህል የሌሊት ተረኛ ለውስጥ ኔትወርክ የጻፉልዎትን ደንብ ለ172.16.0.0/12ም ይድገሙት። ዶከር መጀመሪያ የሚጠቀመው ከዚህ ክልል ውስጥ ያሉትን ነው፤ ብዙ ኔትወርክ ሲፈጠርበት ግን ወደ 192.168 ስለሚሻገር የእርስዎን አስቀድመው ይመልከቱ።

አርፒ ፊልተርዎ 1 ቢሆን ኖሮ ደግሞ መልሱን እንኳን ባላዩ ነበር። ፍተሻው የሚደረገው መድረሻው ወደ ኮንቴይነሩ አድራሻ ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ ጥያቄው ሲገባ ይወድቃል፤ በቲሲፒደምፕ ሲደርስ ያዩታል፣ ኮንቴይነሩ ግን አያየውም። በ2 ይቆዩ።

የሌሊት ተረኛ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔም ዶከር መኖሩን መጠየቅ ነበረብኝ።

መስመር ሲጠፋ ስለሚሆነው እኔ ልቀጥል። የፋይበሩን ገመድ ከሰርቨሩ ነቅለው ያደረጉት ሙከራ ያታልላል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ቁፋሮ ገመዱን ከሰርቨርዎ አይነቅለውም። ፋይበሩ መንገድ ላይ ሲቆረጥ ቢሮዎ ውስጥ ያለው መሣሪያ መብራት እስካለው ድረስ ካርዱ እንደተያያዘ ይቆያል፤ ባለ 100 ሜትሪኩ ዲፎልትም ከቦታው አይነቃነቅም። ሜትሪክ የሚመርጠው ያለውን እንጂ የሚሠራውን አይደለም። ስለዚህ መስመሩን የሚፈትሽ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሠሯቸው ሰንጠረዦች ይክሱዎታል። «ፒንግ» ሲያደርጉ መነሻውን 203.0.113.10 ካደረጉት፣ የሜይን ዲፎልት ወዴትም ቢያመለክት ፒንጉ ሁልጊዜ በፋይበሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ሥራው ወደ ሬዲዮው ከተዛወረ በኋላም የፋይበሩን መመለስ ማየት ይችላሉ። ጌትዌዩን ፒንግ አያድርጉ፤ ከጌትዌዩ ወዲያ ያለው ሁሉ ሞቶ ጌትዌዩ ብቻ የሚመልስበት ጊዜ አለ። 1.1.1.1ን እና 8.8.8.8ን ይጠቀሙ፤ መስመሩ ጠፋ የሚባለው ሁለቱም ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው። በየ10 ሰከንዱ ፈትሸው በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲጠፋ ያዛውሩ፤ ለመመለስ ግን በተከታታይ ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ እስኪሳካ ይታገሡ። የሚቆራረጥ መስመር በየደቂቃው ቢያመላልስዎት ጨርሶ ከጠፋ መስመር የከፋ ነው።

ማዛወሩ ራሱ ቀላል ነው። ኔትፕላን የጻፋቸውን አይንኩ፤ «አይፒ ራውት አድ ዲፎልት ቪያ 198.51.100.21 ሜትሪክ 50» ይበሉ፤ ፋይበሩ ሲመለስ ይህን አንድ መስመር ይሰርዙት። 101ን እና 102ን ስክሪፕቱ በፍጹም አይነካቸውም። ለቢሮው ሠራተኞች የአድራሻ ቅየራውን ማስከሬድ በሚባለው ካደረጉት በወጡበት ካርድ አድራሻ ራሱ ይስማማል፤ ኤስናት ብለው 203.0.113.10ን በቋሚነት ከጻፉ ግን በሬዲዮው የሚወጣው ሁሉ የፋይበሩን አድራሻ ይዞ ስለሚወጣ እንደገና የጀመርንበት ችግር ላይ እንወድቃለን። በዝውውሩ ቅጽበት ተከፍተው የነበሩ ግንኙነቶች ይቋረጣሉ፤ ባንክ ድረ ገጽ ላይ የነበረ ሰው እንደገና መግባት ይኖርበታል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም።

ለቅርንጫፎቹ ደግሞ በሥርዓቱ የድረ ገጽ ስም (ዲኤንኤስ) ላይ ሁለቱንም አድራሻዎች ያስመዝግቡ፤ አሳሹ አንደኛው አልመልስ ሲለው ሌላውን ይሞክራል። የመዝገቡንም ዕድሜ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉት።

ባለ አንቴናው

ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ የእኔም ሰርቨር አንዳንድ ደንበኞችን የማያስገባው ለካ በዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ እኛ ጋ ቅርንጫፎቹ የሚገቡት በኦፕንቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር በሚከፍት ፕሮግራም) ነው፣ በዩዲፒ (እንደ ቲሲፒ ግንኙነት ሳይከፍት ፓኬት በሚልከው ዘዴ)። የመነሻ ደንቦቹ ለእርሱም ይሠራሉ?

የሌሊት ተረኛ

ብቻቸውን አይሠሩም። ቲሲፒ ጥያቄው በመጣበት አድራሻ ይመልሳል፤ በሁሉም አድራሻ ላይ የሚያዳምጥ የዩዲፒ ፕሮግራም ግን ካልተነገረው በቀር መነሻውን ለከርነሉ ይተዋል፤ ከርነሉም በሜይን ዲፎልት መሠረት የፋይበሩን አድራሻ ይሰጠዋል። ደንበኛው ከማያውቀው አድራሻ የመጣ መልስ ስለሆነ አይቀበለውም። ኦፕንቪፒኤን ለዚሁ «መልቲሆም» የሚባል አማራጭ አለው፤ በሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ላይ ያንን አንድ ቃል ጨምረው ያስነሡት፤ ከዚያ በኋላ ደንቦቹ ይሠራሉ። ዋየርጋርድ የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ይህን ማድረግ አያስፈልገውም፤ ጥያቄው በደረሰበት አድራሻ ይመልሳል።

የመጋዘን ሰርቨር (ጠያቂ)

ሁሉም ተሳክቷል፤ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲጠቀምበት የገጠመኝን ልጻፍ።

ሥራውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ከቤቴ ሆኜ በኤስኤስኤች ሠራሁት። ኔትፕላኑን «አፕላይ» ሳይሆን «ትራይ» በሚለው ትእዛዝ ማስጀመሬ አድኖኛል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጡለት ወደ ነበረበት ይመልሰዋልና። በመጀመሪያው ሙከራ የሬዲዮውን ጌትዌይ 198.51.100.21 በማለት ፈንታ የራሴን አድራሻ 198.51.100.22 ጽፌ ኖሮ የገባሁበት ግንኙነት ቀጥ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ቡና ሳይጠጣ ጠብቄ ተመለሰልኝ።

እሑድ ቢሮ ሄጄ ፋይበሩን ከሰርቨሩ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ካለው መሣሪያ ጀርባ ነቀልሁት። የካርዱ መብራት እንደበራ ቀረ፤ ከግማሽ ደቂቃ ጥቂት አልፎ ስክሪፕቱ አዛወረው። ከስልኬ የሽያጭ ሥርዓቱን ስከፍት በሬዲዮው አድራሻ ተከፈተ።

ሰኞ ጠዋት ግን ድረ ገጹ በሁለቱም አድራሻዎች ጠፍቶ ጠበቀኝ፤ ኤስኤስኤች ይሠራል፣ ድሩ በፋይበሩም በሬዲዮውም የለም። ጥፋቱ የእኔው ነበር። የምልክት መስመሮቹን በቋሚነት ለማስቀመጥ በኤንኤፍቴብልስ ዋና ፋይል ውስጥ ጽፌአቸው አገልግሎቱን እሑድ ማታ ከመውጣቴ በፊት እንደገና አስነሥቼው ነበር። ፋይሉ ሲጀምር «ፍላሽ ሩልሴት» የሚል መስመር አለው፤ ያ መስመር የእኔን ብቻ ሳይሆን ዶከር ለኮንቴይነሮቹ የጻፋቸውን ደንቦች ሁሉ ጠርጎ አጥፍቷቸዋል። መስመሩን አውጥቼ የራሴን ሰንጠረዥ ብቻ አጥፍቶ እንደገና የሚጽፍ አደረግሁት፤ ዶከርን ሳስነሣው ደንቦቹን መልሶ ጻፈ፤ የአዳማ ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ደረሰኝ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ቆርጧል።